በክራር የሸፈንኩት ቃል

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ወደ ቤቴ ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶት ነበር። ሁለት ወጣቶች ይጨዋወታሉ። መሀል ላይ አንዲት ልጅ ደወለችና ስለ ድሮ ወዳጇ አንስታ የተናገረችው ነገር፣ እኔን የመሰለች የልጅ ልጅ ያየች ሴት ከኋላ ተቀምጣ የምትሰማው አልነበረም። ሹፌሩ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየኝ፤ እጁን ሰደደና ድምፁን ቀነሰው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ የዛሬ ሬዲዮ እንዲህ ነው» አለኝ። ግድ የለም ብዬ ሳቅሁ። ምን ያውቃል እሱ። በዚህችው በሸዋ ሮቢት፣ በዚሁ አስፋልት ዳር፣ በሬዲዮ የሚባለውንና የማይባለውን ለይታ እንድታሳልፍ ደመወዝ የሚከፈላት ሴት ነበረች፤ ያቺም ሴት እኔ ነበርኩ ብዬ ብነግረው ተረት ይመስለዋል። ወርጄ በሬን ስከፍት ሐሳቤ እዚያው ባጃጁ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ያን ዘመን ሳመላልስ ዋልኩ።

ሬዲዮው የኮሌጅ ነበር፤ ኮሌጃችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ከመንዝና ከተጉለት፣ ከደብረ ሲናና ከእኛው ከይፋት ቆላ የመጡ ልጆች ለአስተማሪነትና ለእርሻ ባለሙያነት ይሠለጥኑበታል። ደገኞቹን በመጀመሪያው ወር ሙቀቱ ያጠወልጋቸዋል፤ ሹራባቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ አስረው ጥላ ለጥላ ይሄዳሉ። ስቱዲዮ እንበለው እንጂ የእኛ ክፍል የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። ድምፅ እንዲውጥ ብለን ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለብጠነዋል፤ ካርቶኑን ያጠራቀሙልን የአስፋልት ዳር የሆቴል ቤት ሴቶች ናቸው። ቬንትሌተሩ ይጮሃል ተብሎ ቀዩ መብራት ሲበራ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዜና አንብቤ ስወጣ ወንዝ ገብታ የወጣች እመስላለሁ። ቢሆንም ዘንጬ ለብሼ ነው የምሄደው። አፍሮዬ እንደ ጨረቃ ክብ፣ ሸሚዜ ነጭ፣ ባለሽንሽን ጉርድ ቀሚሴ ከጉልበቴ ወረድ ያለ፣ የጫማዬ ተረከዝ ወፍራም። በሬዲዮ ማን ያይሻል እያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ልብስ ድምፅን ያቀናል እላቸው ነበር፤ አሁንም እንደዚያው አምናለሁ።

ከሥራ ስወጣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው እወርዳለሁ። ሻይ ስሙኒ ነው፤ አንድ ብር በኪሱ ያለ ሰው ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ሻይ ቤት ይገባል። የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ ሲቆሙ ተሳፋሪው እግሩን እያፍታታ ይወርድና ፓፓያና ብርቱካን ክምር ላይ ይረባረባል። ማዕዘኑ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ከትልቁ ሾላ ሥር መስታወቱን ሰቅሎ ይሠራል፤ ከጎኑ ካሴት የሚሸጠው ሰውዬ አንዱንም ዘፈን አያስጨርስም፤ የገዢውን ፊት እያየ ይቀያይራል። ከዚያ ሁሉ ግርግር በላይ፣ ከባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተሰቀለው የእኛ ሞንታርቦ ይናገራል። የሬዲዮአችን ጉልበት አነስተኛ ነበር፤ ቀኑ ሲቀናው ቀወት ገጠር ድረስ ይሰማል፣ ሲከፋው ወንዙን አይሻገርም። ለዚህ ነው አንዱን ሞንታርቦ በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ ሌላውን በገበያው መሀል የሰቀልነው። ሬዲዮ በቤቱ ያለው ሰው ደስ ያላለውን ይዘጋል። ሞንታርቦን ግን ማን ይዘጋዋል? አባት ከሴት ልጁ ጎን፣ ምራት ከአማቷ ጎን ቆመው እኩል ይሰሙታል። የሬዲዮው ደንብ የመጣው ከዚሁ ነው።

ደንቡን የጻፉት ጋሼ መንበሩ ናቸው፤ የአማርኛ አስተማሪያችንና የሬዲዮው ኃላፊ። የደብረ ሲና ሰው ነበሩ፤ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው የወጡ፣ በእኛ ሙቀት ጥቁር ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ቃል ሲሰሙ ቀምሰው የሚውጡ የሚመስሉ ሰው። አንድ ተማሪ በሙዚቃ ምርጫ ዝግጅት ላይ ለአንዲት የክፍል ጓደኛው ሰላምታ ላከ፤ ከሰላምታው ጋር ሁለት ስንኝ አያይዟል። ላይ ላዩን ሲሰሙት ውዳሴ ነው። ቃሉን ከፈል አድርጎ ለሚሰማው ግን በልጅቱ አካል ላይ የተቀለደ ስድብ ነው። ጋሼ መንበሩ ጽሑፉን አይተው ፈርመውበት ነበር፤ ያን ያህል ቅኔ አዋቂ ሆነው ያቺ ቀን አመለጠቻቸው። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። የልጅቱ አባት ማሽላ ሊሸጥ መጥቶ ሞንታርቦው ሥር ቆሟል። ሰው ሲስቅ እሱም አብሮ ሊስቅ ፈገግ ሲል የልጁን ስም ሰማ። ማሽላውን መልሶ አህያው ላይ ጫነ፣ አህያውን ኮሌጁ በር ላይ አቆመ፣ ልጁን ይዟት ሄደ። አልተመለሰችም። ጋሼ መንበሩ ለሁለት ቀን ክፍል አልገቡም። በሦስተኛው ቀን በስቴንስል የታተመ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው መጡና ስቱዲዮው በር ላይ በራሳቸው እጅ ለጠፉት።

ደንቡ ብዙ አልነበረም። ሰውን በስሙ ወይም በአካሉ መስደብ ክልክል፤ ሁለት ትርጉም ያለው ግጥም ሳይመረመር ማንበብ ክልክል፤ የሀፍረተ ሥጋን ስምና ከእሱ የሚወጣውን መጥራት ክልክል። መጨረሻው ላይ ሁሉንም የሚጠቀልል መስመር አለ፤ «በአማት ፊት የማይባል በማይክራፎን አይባልም።» ተቆጣጣሪ አድርገው የመደቡኝ እኔን ነው። ሰው ሁሉ ይህን ሥራ ይጠላዋል፤ እኔ ወደድኩት። አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘፋኝ ካሴቱን ይዞ ሲገባ አስቀድሜ እሰማለሁ፤ የማይሆን ከሆነ በትሕትና እመልሰዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን በቀጥታ ሥርጭት ስለ እርሻ ሲናገር ገበሬውን ከአህያ ጋር አመሳሰለው። ማብሪያ ማጥፊያው እጄ ላይ ነበር። አጠፋሁት። ሰውዬው ለራሱ እንጂ ለማንም ሳይናገር ሩብ ሰዓት ለፈለፈ። ሲወጣ ነገርኩት፤ ፊቱ ጠቆረ፤ ግን በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አሳየሁት። ጋሼ መንበሩ በዚያ ቀን ሻይ ጋበዙኝ፤ ከእሳቸው ይህ ትልቅ ሽልማት ነው።

ዛሬ ያ ክፍል ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል ይላሉ። የእንቁላል ካርቶኑን ምስጥ በልቶት ይሆናል። ልጆቼ ስለ ሥራዬ ሳወራላቸው «ታዲያ እማዬ ሳንሱር ነበርሽ ማለት ነው» እያሉ ያበሽቁኛል። አይደለም ብዬ አልከራከርም። ያቺን የማሽላ ሻጭ ልጅ ስላላዩአት ነው እንዲህ የሚቀልዱት። ነገር ግን የምኮራበት ሥራዬ አንዴ ክፉኛ ያሳሳተኝ ጊዜ ነበር፤ ያንንም ካልተናገርኩ ኩራቴ ጎደሎ ነው።

የጤና ዝግጅት ነበረን። የሚያዘጋጀው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ታደሰ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሴት ፊት ቀና ብሎ የማይናገር ትሑት ሰው። አንድ ቀን መጥቶ ከአዋሽ ጥጥ ለቀማ የተመለሱ ብዙ ወንዶች ቢልሃርዝያ ይዟቸው እንደመጡ፣ በሽታው ከቆመ ውሃ እንደሚይዝ፣ ኪኒን ወስደው እንደሚድኑ፣ ግን አፍረው እንደሚደብቁት ነገረኝ። የሚያፍሩት በሽታው ደም ስለሚያሸና ነው። ደም የሸና ወንድ ሁሉ በሰው ዓይን ጨብጥ የያዘው ነው። በዚያ ላይ ከቤቱ ርቆ ካምፕ ውስጥ የከረመ ወንድ ማን ያምነዋል? ታደሰ ግን የዳነ አንድ ገበሬ አግኝቷል፤ በሬዲዮ እናገራለሁ ብሎታል።

ገበሬው ሰይድ ይባላል። ከወንዙ ማዶ ማሾና ሽንኩርት የሚያለማ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ሊቀዳ የመጣ ቀን አዲስ ሽርጥ አሸርጦ፣ ነጭ ሸሚዙን አንገቱ ድረስ ቆልፎ፣ ባለጥልፍ ኮፍያውን ደፍቶ ነበር። ማይክራፎኑን ፈራው፤ ከዚያ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጀመረና ሳያቋርጥ ተናገረ። አዋሽ ወርዶ ከጥጡ እርሻ አጠገብ ባለው የተኛ ውሃ ሲታጠብ እንደከረመ፣ ቤቱ ተመልሶ ወራት ሳይቆይ ደም መሽናት እንደጀመረ፣ ሲሸና እሳት እንደሚለበልበው፣ ሚስቱ እንዳታይ ጎሕ ሳይቀድ ሜዳ እየወጣ እንደሚመለስ፣ ሞቱን ይጠብቅ እንደነበር፣ በመጨረሻም ታደሰ ኪኒን ሰጥቶት እንደዳነ። «አብረን ጥጥ የለቀምን ወንድሞቼ፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነን፤ አውቃለሁ፤ ሂዱና ታከሙ» ብሎ ጨረሰ። ላቡን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና ወጣ። እኔ ግን ሙሉ ጊዜውን አንገቴን ደፍቼ ነበር የተቀመጥኩት። ወንድ ልጅ ከሴት ፊት እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ማንንም አልጠየቅሁም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከሀፍረተ ሥጋ የሚወጣውን መጥራት ክልክል። ያኔ ቆርጦ መቀጠል ማለት ሁለት ቴፕ አጋጥሞ ከአንዱ ወደ ሌላው መቅዳት ነው። ሰይድ ሽንት ባለበት፣ ደም ባለበት፣ ለበለበኝ ባለበት ቦታ ሁሉ ቃሉን አውጥቼ የአንድ ተማሪ ክራር አስገባሁ። አምስት ቦታ። ስጨርስ መልሼ ሰማሁት፤ አንዱም ቦታ አይንገራገጭም። እውነት ለመናገር በእጄ ሥራ ረካሁ። የገበያ ቀን አየር ላይ ዋለ፤ እኔም ቀጣዩን ዝግጅት ሳሰናዳ ስቱዲዮ ውስጥ ነበርኩና ገበያው እንዴት እንደሰማው አላየሁም።

በአራተኛው ቀን ሰይድ መጣ። ያ አዲስ ሽርጥ የለም፤ የእርሻ ልብሱን እንደለበሰ፣ እግሩ ላይ ጭቃ ደርቆ፣ በሩ ላይ ቆመ። ግባ አልኩት፤ አልገባም። ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት፤ ይዞት ቀረ እንጂ አልጠጣም።

«እህቴ፣ ቃሌን የት አደረግሽው?» አለኝ።

ደንብ እንዳለን፣ አንዳንድ ቃል በሞንታርቦ እንደማይባል ነገርኩት። ረጋ ብሎ ሰማኝ።

«ጥጥ አብረውኝ የለቀሙትን ሁሉ ሰብስቤ የፊታችን ገበያ ስሙኝ ብዬ ነበር» አለ። «አፍ አውጥቼ የማልነግራቸውን ሬዲዮው ይንገርልኝ ብዬ። አንቺ በቃሌ ቦታ ክራር አገባሽበት። ክራሩ በተመታ ቁጥር ሰዉ የየራሱን ቃል ሞላበት። የሞሉት ደግሞ እኔ ካልኩት የከፋ ነው።»

ሰይድ የቀረውን የነገረኝ ድምፁን ሳያነሳ ነው። ገበያው ክራሩ በገባ ቁጥር ሲስቅ እንደዋለ፣ ማታውን የሚስቱ የዘሀራ ታላቅ ወንድም ቤቱ መጥቶ ጨብጥ ይዘህ መጥተህ ነው እህቴን የምታስቀምጣት እንዳለው፣ ዘሀራም ስታለቅስ እጇን ይዞ ወደ ቤተሰቦቿ እንደወሰዳት። ወንድሟ ራሱ አዋሽ አብሮት ከርሟል፤ ይህንንም ነገረኝ፣ ግን እንደ ክስ አልነበረም። «ወላሂ፣ ሌላ ሴት አላውቅም። ለእሱ ብነግረው ማን ያምነኛል? ለዚህ ነበር በሬዲዮ የፈለግሁት» አለና የውሃውን ብርጭቆ ደፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ጋሼ መንበሩን ያገኘኋቸው የአስተማሪዎች ሻይ ክበብ ውስጥ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቴፑ ሳይቆረጥ እንዲተላለፍ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሻያቸውን አማሰሉ። ለአንድ ሰው ተብሎ ደንብ ከተነካ ነገ ሁሉም የራሱን ምክንያት ይዞ ይመጣል አሉ። ሰይድ ያሳዝነኛል፣ ሽማግሌ ልከን ሚስቱን እናስታርቀዋለን አሉ። ሽማግሌው ምን ብሎ ነው የሚያስታርቀው፣ ቃሉን ካልጠራው አልኳቸው። ያኔ ቀና ብለው አዩኝ።

«ብርቄ፣ ያቺን ልጅ ረሳሻት?» አሉኝ።

«አልረሳኋትም ጋሼ። ያኔ እኛ ባልነው ቃል አንዲት ሴት ከትምህርቷ ወጣች። አሁን እኛ በደበቅነው ቃል አንዲት ሴት ከትዳሯ ወጥታለች።»

ከዚያ በፊት ለእሳቸው እንዲህ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። በማግሥቱ የሬዲዮው ኮሚቴ እንደተጠራ፣ ሞንታርቦው የከተማውም ስለሆነ ሼህ ኑሩም እንደሚገኙ ሰማሁ።

ሼህ ኑሩ የአካባቢውን ልጆች ሁሉ ቁርአን ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። እናታቸው አርጎባ ናቸው፤ እሳቸውም በአማርኛቸው መሀል አንዳንድ የእናታቸውን ቃል ጣል ያደርጋሉ። የከተማው ክርስቲያን ነጋዴም ቢሆን ጠብ ሲገባው ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው። ስብሰባው ውስጥ ገና ሳይቀመጡ አንዳንዱ መናገር ጀመረ፤ ኮሌጁ ስድ ሬዲዮ ያዘ ይባላል፣ ከበላይ ይጠይቁናል፣ የገጠሩ ሰው በተለይ ሙስሊሙ ይቀየማል የሚል ነበር። ሼህ ኑሩ ሁሉንም ሰሙና ያልተቆረጠው ቴፕ ይከፈትልኝ አሉ። እኔ ከፈትኩት። ከጽሕፈት ሥራ ሠራተኛዋ ሌላ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የሰይድ ድምፅ በዚያ ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሰማ ወንዶቹ ግማሹ ጣራውን፣ ግማሹ ጫማውን ያያል። ሼህ ኑሩ ግን በከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ቴፑን ነበር የሚያዩት።

«እኔ ለሕፃን ልጅ ዉዱእ፣ የሶላቱን ትጥበት፣ ሳስተምር ሽንትን ሽንት ነው የምለው» አሉ ሲያልቅ። «ከየት እንደሚወጣ፣ እንዴት እንደሚታጠበው እነግረዋለሁ። ካልነገርኩት ሶላቱ አይያዝለትም። ሐያእ፣ እፍረት ማለት፣ መልካም ነገር ነው፤ ከእውቀት ከከለከለ ግን እፍረት መሆኑ ቀረ። ይህ ሰው ማንን ሰደበ? ያመመውን ተናገረ። እኛ ሙስሊሞች እንቀየማለን ስትሉ ሰማሁ፤ እኔ የተቀየምኩት ቃሉን ስላወጣችሁበት ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ የምትቀጥዪውም አንቺ ነሽ።»

ጋሼ መንበሩ እስክሪብቷቸውን አወጡ። ተነሥተው ወደ ስቱዲዮው ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ግርጌ፣ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው፣ «ሰውን ለማሳነስ እስካልሆነ ድረስ የሰውነት ክፍልና የሕመም ስም በስሙ ይጠራል» ብለው ጻፉ። ፈረሙ። ከፊርማቸው ሥር እኔ ፈረምኩ። ከሰዎቹ አንዱ ማን ነው ኃላፊነቱን የሚወስደው ሲል ጋሼ መንበሩ ፊርማቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ስንት ደንብ፣ ስንት መመሪያ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ ያለ አጭርና ቀና መስመር አላገኘሁም። ባጃጁ ላይ ሆኜ ያችን የደወለችውን ልጅ ስሰማም ሳላውቀው የለካኋት በዚያው መስመር ነው። ቃሏ አይደለም ያስከፋኝ፤ ያ የድሮ ወዳጇ የሆነ ቦታ ቆሞ ሰው ሲስቅበት እየሰማ ይሆናል ብዬ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጋሼ መንበሩ በጥቁር ኮታቸው ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጡ። እኔ እንደወትሮው የማብሪያውን ቦታ መያዝ ነበረብኝ፤ ለቴክኒሻኑ ትቼ ወደ ገበያ ሮጥኩ። መስማት ብቻ አይደለም፣ ማየት ፈለግሁ። ሽንኩርት በከረጢት ተደርድሯል፤ ከቆላ የመጡ አፋሮች ግመሎቻቸውን አስተኝተዋል፤ ደገኞች ገብስና ባቄላ ዘርግተዋል። ሞንታርቦው ኮሽ አለና የጋሼ መንበሩ ድምፅ መጣ። ባለፈው ሰይድ የተባለ ገበሬ የተናገረውን ቃል እኛ ቆርጠን አስቀርተንበታል፤ ሰው የሳቀው በእሱ ሳይሆን በእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቀዋለን አሉ። ቀጥለውም፣ ያ ቅኔ የለመደ አፋቸው፣ ቃሉን አንድ በአንድ ጠራው። «ይህ በሽታ ደም ያሸናል። ከሴት አይመጣም። ከቆመ ውሃ ነው የሚመጣው። ኪኒን አለው፤ ይድናል።» ከዚያ ሰይድ ገባ፤ ሙሉውን፣ አንድም ክራር ሳይኖርበት።

መጀመሪያ ከወጣቶቹ መሀል አንዱ ሳቀ። አጠገቡ ቅቤ የምትሸጥ ሴትዮ «ወንድምህ ሲሞትም እንዲህ ሳቅ!» አለችው። ከዚያ ወዲያ የሳቀ አልነበረም። ወንዶች የያዙትን ሚዛን እንደያዙ ቆመዋል። አንዳንዱ ዓይኑን ከሚስቱ ያሸሻል። ፍየል መሸጫው ጋ የዘሀራን ወንድም አየሁት፤ ሰዎች ጠቁመውኝ ነው ያወቅሁት። ሰይድ «ስትሸና እሳት ነው የሚለበልብህ» ሲል የያዘው ገመድ ከእጁ ወደቀ። አንሥቶ ፍየሎቹን አሰባሰበና ሳይሸጥ፣ ማንንም ሳያይ ሄደ። ስቱዲዮ ስመለስ ጋሼ መንበሩ ኮታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ደፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያለ ኮት ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት ሰሙት አሉኝ። ቆመው ሰሙት አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ታደሰ ሰው ልኮ ጠራኝ፤ መቅረጫ ቴፕሽን ይዘሽ ነይ ብሎ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው የወንድ ሰልፍ አጥሩን ዞሮ መንገዱ ላይ ወጥቶ ነበር። ነጠላና ፎጣ የተከናነበው ብዙ ነው፤ በዚያ ሙቀት። ማንም ከማንም አይነጋገርም። ታደሰ ጠረጴዛውን በረንዳው ላይ አውጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ በአንድ በጆሮ ይጠይቃል፤ እነሱም በጆሮ ይመልሱለታል። እኔም በዚህ ዓይነት የሚቀዳ የለም ብዬ ቴፑን ልዘጋ ስል፣ አንዲት ቀጭን ሴት ሰልፉን እየቀደመች ስትመጣ አየሁ። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። አንድ ወፍራም ሰውዬ በእጅጌው ይዛ እየጎተተች ነው፤ ፍየሎቹን ሳይሸጥ የሄደው ሰው። ከኋላዋ ሰይድ፣ ያን አዲስ ሽርጡን አሸርጦ ይከተላል።

ታደሰ ቀና ብሎ አያትና እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን እንዳመመው ጠየቃት። ወንድሟ መሬት መሬት ያያል። ዘሀራ ግን በሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው እንኳ እንዲሰማ አድርጋ መለሰች።

«ደም ይሸናል። ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትላንት ነው ያመነልኝ። ሬዲዮው በገበያ መሀል ተናግሮ የጨረሰውን እናንተ ምን ያንሾካሹካችኋል?»

አጥሩን ይዞ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ወንድሟ አንገቱን እንደደፋ «እውነቷን ነው» አለ። ታደሰ ስሙን ጠይቆ መዝገቡ ላይ ጻፈና ተረኛውን ጠራ። ተረኛው ነጭ ፎጣ የተከናነበ ረጅም ሰው ነበር። ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበ፣ ጎንበስ ሊል ጀመረ፣ መለስ አለና ፎጣውን ከራሱ ላይ ገለጠው።

«እኔም እንደሱ ነኝ» አለ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።